አንድ ጨዋታ፣ አርባ ቲኬት

ይኸውላችሁ፣ አንድ ቅዳሜ ነው። አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚጀምረው የእንግሊዝ ጨዋታ ሊያልቅ ተቃርቧል። እኔም እንደ ልማዴ ሰፈራችን ካለችው ግሮሰሪ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ድራፍቴን ይዤ ተቀምጫለሁ። አርሰናል ሁለት ለዜሮ ይመራል። አጠገቤ ያለው ሰው የአርሰናልን ማሊያ መልበስ ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ማሊያው በየዓመቱ ቢቀየርም ሰውዬው አልተቀየረም። እናላችሁ፣ ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ተጋጣሚው ቡድን አንድ ጎል አገባ።

ሰውዬው ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ። «ገባ! ገባ! ተመስገን!» እያለ አቀፈኝ ከምላችሁ አነቀኝ ብላችሁ ይቀለኛል። ድራፍቴ ጉልበቴ ላይ ተደፋ።

«አንተ ሰውዬ፣ የገባው እኮ እናንተ ላይ ነው!» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ ስልኩን እያሳየኝ። «ሁለቱም ያገባሉ ብዬ ቆርጬ ነበር።»

በዚያች ቤት ሰው በኳስ ሲሳደብ አይቻለሁ። ሲያለቅስም፣ ለሦስት ሳምንት ሲኮራረፍም አይቻለሁ። የገዛ ቡድኑ መረብ ሲነካ ፈጣሪውን የሚያመሰግን ደጋፊ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ሰውዬውን ለብቻው ልወቅሰው አይደለም የተነሳሁት። ነገሩ የሁላችንም ሆኗል፤ የእኔም ጭምር። ወደ መጨረሻው ላይ እናዘዛለሁ።

መጀመሪያ ቤቷን ላስተዋውቃችሁ። ቄራ አካባቢ ነች። ስሟን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም የሚጨምርላችሁ ነገር የለም፣ በየሰፈራችሁ አንዳንድ አለቻችሁ። አርባ ሰው ትይዛለች ቢባል አርባው ሰው ጉልበቱን አጥፎ ነው። ከፊት አግዳሚ ወንበር፣ ከኋላ የቢራ ሳጥን ላይ የተነጠፈ ጣውላ፣ ከዚያ በኋላ ቋሚ። ድሮ በነፍስ ወከፍ ሁለት ብር እየተከፈለ ይገባ ነበር፤ በኋላ ባለቤቱ «የገባ ይጠጣ» የሚል ሕግ አወጣና ሁለት ብራችን ቀረች። በምትኩ ኪሳችን ሄደ።

እንዴት እዚያ ተሰበሰብን ካላችሁ፣ ያሰባሰበን ድህነታችን ነው። የደቡብ አፍሪካው ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ ወደ ሰፈራችን ሲገባ ዲሽ የሰቀለ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። የወር ክፍያው ለደሞዝተኛ የሚደፈር አልነበረም። አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን አርባ ሰው ሲካፈለው ይቀላል፤ ዕቁብንም ዕድርንም የፈጠረው ይኸው ብልሃት ነው። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ ሊታይ የሚችለው ኳስ የሰፈር ጉዳይ ሆነ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊውና የታክሲ ረዳቱ ጎን ለጎን አንድ ጣውላ ላይ ተቀመጡ። ኃላፊው ቀን ቀን ቢሮው ገብቶ የማያናግረውን ሰው ማታ ማታ «ዝም በል፣ አንተ ኳስ አታውቅም» ይባላል፤ እሱም ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ዲሞክራሲ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ቤቷ የራሷ ሕግ ነበራት። የማንቼና የአርሰናል ደጋፊ አግዳሚ ወንበር አይጋራም። ስድብ ይፈቀዳል፣ እናት ግን አትነካም። ውርርድም ነበር፣ አልነበረም ብዬ አልዋሻችሁም። ውርርዱ ግን «ከተሸነፋችሁ አንድ ዙር ድራፍት ትጋብዛለህ» ነው። የተሸነፈው ይከፍላል፣ ያሸነፈው ይጠጣል፣ ሁለቱም እየተበሻሸቁ አብረው ያመሻሉ። ብሩ ከቤቷ አይወጣም።

1996 ዓ.ም. ትዝ ይላችኋል? አርሰናል 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ የእንግሊዝን ዋንጫ ያነሳበት ዓመት ነው። ጉዞው በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ 49 ጨዋታ ደርሶ፣ ኦልድትራፎርድ ላይ በማንቸስተር ዩናይትድ ሁለት ለዜሮ ተቋረጠ። የዚያን ዕለት ማታ የሰፈራችን የማንቼ ደጋፊዎች ጧፍ አብርተው፣ አንድ ቀይ ማሊያ በነጠላ ጠቅልለው «ቀብር» አወጡ። አርሰናሎቹም ሳይወዱ በግዳቸው እየሳቁ ተከትለዋቸው ወጡ።

ግንቦት 9 ቀን 1998 ዓ.ም. ደግሞ አርሰናልና ባርሴሎና ፓሪስ ላይ ለአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ተጋጠሙ። የአርሰናሉ በረኛ ሌማን ገና በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ወጣ። እንዲያም ሆኖ ካምቤል በጭንቅላቱ አገባና አርሰናል መራ። ከዚያ ጨዋታው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው ኤቶ፣ ከአራት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ቤሌቲ አገቡና ነገሩ አበቃ። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ፣ ትልቅ ሰውዬ፣ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው አለቀሱ። እሳቸውን ዓመቱን ሙሉ ሲያበሽቃቸው የከረመ አንድ የማንቼ ደጋፊ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ክንዳቸውን ይዞ እስከ በራቸው ሸኛቸው። መንገድ ላይ አንድም ቀልድ አልቀለደም። በማግስቱ ጠዋት ግን በሱቃቸው በር ሲያልፍ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ… ከሁለት ለአንዱ?» አላቸው። ሕጉ እንዲህ ነበር፤ ማታውን ይሸኛል፣ ጠዋቱን ያበሽቃል።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ወቀሳ አውቀዋለሁ። «የሰው አገር ኳስ ምን አገባችሁ? የሰው ሠርግ ላይ የምታሸበሽቡ!» ይሉናል ትልልቆቻችን። ወቀሳው ፍሬ አለው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት አራት ለሁለት ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳን ሰዎች ነን። የእነ መንግሥቱ ወርቁንና የእነ ሉቺያኖን ስም ከአባቱ አፍ እየሰማ ያደገ ሰው፣ ልጁ የእንግሊዝን ሁለተኛ በረኛ የትውልድ ከተማ በቃሉ ሲያነበንብለት ቢከፋው አይፈረድበትም። ቴሌቪዥን እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን ደምሴ ዳምጤ በሬዲዮ ሲያስተላልፍ ኳሱን በጆሯችን «ያየን» ሰዎች፣ ዛሬ በዓይናችን እያየን የአገራችንን ተጫዋች ስም ስንጠየቅ እንንተባተባለን።

ነገር ግን ቤቷን አትክሰሷት። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን ሁለት ለዜሮ አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ፣ ስታዲየም መግባት ያልቻለው ሰፈር እዚያችው ቤት ነበር። በዚያው ዓመት ጥር 13 ቀን፣ ልብ በሉ፣ የ1954ቱ ዋንጫ በተነሳ ልክ በ51ኛ ዓመቱ፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ስንገጥም ማንቼና አርሰናል አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት አንድ ላይ ራሳችንን ያዝን። በረኛው ጀማል በቀይ ወጥቶ በጎዶሎ ስንጫወት አንድ ላይ ዳኛውን ረገምን። አዳነ ግርማ አንድ ለአንድ ያደረገን ጊዜ ጣውላው ከነቢራ ሳጥኑ ተገለበጠ። ሒሳብ የጠየቀ አስተናጋጅ፣ ሒሳብ የከለከለ ደንበኛ አልነበረም፤ የተሰበረውን ብርጭቆ ባለቤቱ ራሱ ጠረገው። ታዲያ ይቺ ቤት የአገር ፍቅር አጠፋች እንዴት ይባላል? ይልቅ ለእንግሊዝ ቡድን ስንጮህ የኖርነው፣ የራሳችን ሲመጣ የምንጮህበት ጉሮሮ እንዳይዝግ ነው ብላችሁ ቁጠሩልኝ።

እውነተኛውን ጉድለቷን እኔው ልንገራችሁ። ሴቶች የሉም። ግማሹ ሰፈር ከበሩ ውጭ ነው። ውስጥ ያለችው ብቸኛ ሴት አስተናጋጇ ናት፤ እሷም ቴሌቪዥኑን ስትጋርድ «ዞር በይ!» ትባላለች እንጂ ማንን ትደግፊያለሽ ያላት የለም። እኛ እሁድ ማታ ስለ ኦፍሳይድ ስንከራከር እቤት ልጆቹን የቤት ሥራ የሚያሠራው ማን እንደሆነ ተነጋግረን አናውቅም። ይህ ሁሉ ወቀሳ ይገባናል። ያም ሆኖ ቤቷ ሰው የሚተያይባት ቦታ ነበረች። አንድ ደንበኛ ሁለት ቅዳሜ ከቀረ «ምን ነካው?» ይባል ነበር፤ ሄደን ታሞ ያገኘነው፣ አዋጥተን ያሳከምነውም አለ።

እንግዲህ ወደ ቲኬቱ ልመለስ። የስፖርት ውርርድ ሰፈራችን የገባው እንደ እንግዳ አልነበረም፤ በግላጭ፣ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ነው የመጣው። ሲጀመር ፈቃድ ሰጪው ብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ነበር። የመጽሐፍ መደብሩ ቢዘጋም ሰፈራችን ባዶ ሱቅ አላጣም፤ በአንድ ጊዜ ሦስት የውርርድ ቤት ቆመበት። ልጆቹ ጠዋት ወረቀቱን እየያዙ ሲወጡ የቀበሌ ወረፋ ይመስሉ ነበር። ቀጥሎ ነገሩ ወደ ስልክ ገባ። አሁን ማን እንደቆረጠ፣ ማን እንዳልቆረጠ በወረቀት አይለይም፤ ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ ስታዩ ነው የምታውቁት። ቆራጩ ኳሷን አንድ ጊዜ፣ ስልኩን ሦስት ጊዜ ያያል።

ቋንቋችን ሳይቀር ተለወጠ። ድሮ «እንዴት ያለ ኳስ ነው!» ይባል ነበር። አሁን «ስንት ኮርነር ሆነ?» ነው። አንዱ ሦስት ጎል ይፈልጋል፣ አጠገቡ ያለው ከሦስት በታች ይፈልጋል። አንዱ ቢጫ ካርድ ይቆጥራል። ሌላው ጭራሽ ይህን ጨዋታ አያየውም፤ ስሙን አጥርቶ የማይጠራው የቱርክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድን ነው ልቡን የያዘው። ድሮ ጎል ሲገባ ቤቷ ለሁለት ትከፈል ነበር፤ ግማሹ ይነሳል፣ ግማሹ ይቀመጣል። ሁለት መሆን ችግር የለውም፣ ሁለት ሆኖ መበሻሸቅ ያምራል። ዛሬ ጎል ሲገባ እዚህም አንዱ፣ እዚያም አንዱ ብድግ ይላል፤ የቀረው አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። አርባ ሰው አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ አርባ የተለያየ ጨዋታ ያያል። በዚህ ላይ ማን ማንን ያበሽቃል? ማንስ ማንን ይሸኛል?

«ምን አለበት፣ ሰው በገዛ ብሩ» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ በብሩ እንነጋገር። ሳንቲም ወርውራችሁ ዘውድ ወይስ ጎፈር ብትባባሉ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ስለዚህ አንድ ብር ያስያዘ ሲያሸንፍ ሁለት ብር ሊያገኝ ይገባል። አቋማሪው ግን እንዲህ እኩል ለሆነ ነገር ሁለት አይከፍልም፤ አንድ ብር ከሰማንያ አምስት ይከፍላል እንበል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ከመቶው ሰባት ብር ከሃምሳ ብቻ ነው ያስቀረው። አሁን እንደ ሰፈራችን ልጆች አስር ጨዋታ ደርድሩና በአንድ ቲኬት ቁረጡ። አስሩንም የማግኘት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። ክፍያው ደግሞ 1.85 አስር ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው፤ ወደ 470 ብር ይመጣል። እንግዲህ 1,024 ሰዎች አንዳንድ ብር ቢያስይዙና ከመካከላቸው አንዱ ቢቀናው፣ እሱ 470 ይዞ እየጨፈረ ይወጣል፤ 554ቱ ብር ሳይጨፍር በጓሮ በር ይወጣል። ሁላችንም የምናየው የጨፈረውን ነው።

ከዕቁብ ጋር አስተያዩት። ዕቁብ ላይም ዕጣ አለ፤ ነገር ግን ዕጣ የማይወጣለት ሰው የለም፣ ተራው ይዘገይ እንደሆን እንጂ። የዚህኛው ተራ አይደርስም። ልጆቹ ግን «ዘጠኙ ገብቶልኝ አንዱ በላኝ» ይላሉ፣ አንድ እርምጃ እንደቀራቸው ሁሉ። ዘጠኙን ያገኘውም ሆነ አንድም ያላገኘው የሚወስደው እኩል ነው፤ ባዶ።

አሁን ኑዛዜዬ። አንድ የታክሲ ረዳት አለ፣ ገና ሃያ ያልዘለለ። እናቱ ጉሊት ይሸጣሉ። ኳስ ሲያይ አፉን ከፍቶ ነው የሚያየው፤ ልጅ ሆኖ በመስኮት ተንጠልጥሎ ሲያይ ነው የማውቀው። አንድ ቀን ጠጋ አለኝና «ጋሼ፣ ሁለት መቶ ብር ያበድሩኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» አለኝ። ለምን እንደሆነ አላጣሁትም። ሰጠሁት። ያን ማታ ቀናውና ሁለት መቶዬን ከአንድ ድራፍት ጋር መለሰልኝ። ጠጣሁት። በሚቀጥለው ሳምንት እኔ ራሴ «እስቲ ለእኔም አንድ ቁረጥልኝ» አልኩት። ይህን ስጽፍ ቀላል ይመስላል። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ የማላውቀውን ቡድን በረኛ ስረግም አመሸሁ። ሃምሳ የተሻገርኩ ሰው ነኝ።

አንድ ማታ ጨዋታው ተጋግሎ ሳለ በሩ ላይ ነጠላ የለበሱ ሴት ቆሙ። የልጁ እናት ናቸው። ለካ በስንት መከራ የደረሳቸውን ዕቁብ ከሳጥን ውስጥ አጥተውት ልጃቸውን እየፈለጉ ኖሯል። ልጁ እናቱን ሲያይ በጓዳ በኩል ወጣ። ለመጮህ የመጡ መስሎኝ ነበር፤ አልጮሁም። ባለቤቱ ወንበር አቀረበላቸው፣ አልተቀመጡም። ለጥቂት ጊዜ ከእኛ ጋር ቴሌቪዥኑን አዩ። ምናልባት ልጃቸውን ምን እንደወሰደባቸው ለማወቅ ይሆናል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ፤

«ለመሆኑ የእኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?»

ሴትዮዋ ኳስ ስለማያውቁ ነው ብላችሁ እንዳትስቁ። እኔ ያን ያህል ዓመት ኳስ አየሁ የምለው ሰውዬ መልስ አጣሁ። ዙሪያዬን ብመለከት ማንም የለውም። ድሮ ቢሆን አንዱ «ቀዮቹ ናቸው እትዬ!» ይላቸው ነበር፣ ሌላው «ይዋሻል፣ ሰማያዊዎቹ ናቸው!» ይል ነበር። ያን ማታ በዚያች ቤት ውስጥ «የእኛ» የሚባል ቡድን አልነበረም። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ልጁ ሳምንት ሙሉ እቤቱ አልገባም፤ በኋላ ሽማግሌ ልከን ታረቀ። እኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ ስለ ሁለት መቶዋ ብር ግን እስከዛሬ ለእናትየው አልነገርኳቸውም። አሁን ካነበቡት ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ በኋላ ባለቤቱን «ቁማሩን ከዚህ ቤት አስወጣልን» ብዬው ነበር። «ጋሼ፣ እኔ ቢራ ነው የምሸጥ፣ የሰው ስልክ ልፈትሽ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። የመንግሥት ቁጥጥር የሚሠራው ሥራ አለ፣ ይሥራው፤ በተለይ ታዳጊዎቹን ከዚህ ነገር መጠበቅ ለግሮሰሪ ባለቤት የሚተው ሥራ አይደለም። እስከዚያው ድረስ ግን ከኋላ ጣውላ ላይ የምንቀመጥ ስድስት ሰዎች አንድ ነገር ተስማምተናል። ጨዋታው ሲጀምር ስልካችንን ገልብጠን ጠረጴዛው ላይ እንደረድራለን። ዘጠና ደቂቃ። ቡድናችንን እንደግፋለን፣ ዳኛውን እንረግማለን፣ የተሸነፈውን እናበሽቃለን። የታክሲ ረዳቱም ሰባተኛ ሆኖ ተቀላቅሎናል፤ ስልኩን ሲያስቀምጥ እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ያስቀምጣል።

ስምምነቱን የጣሰስ? ያው የድሮው ሕግ ነው፤ ስልኩን ቀድሞ ያነሳ አንድ ዙር ድራፍት ይጋብዛል። ብሩም ከቤቷ አይወጣም።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ማን እንደከፈለ እንዳትጠይቁኝ። እመቤቲቱ ከቤት ደውላ ነው… ምን ላድርግ!

ቸር ሰንብቱ።